የድሮፕዊዛርድን የኮንፊገሬሽን ክላስ በራስ ፕሮፐርቲዎች ማስፋት፦ የአሠራር መመሪያ

ድሮፕዊዛርድ በጃቫ የድር አገልግሎቶችን ለመሥራት የሚያገለግል ፍሬምወርክ ነው። ጄቲን ለሰርቨርነት፣ ጀርዚን ለሬስት፣ ጃክሰንን ለጄሰን፣ ሃይበርኔት ቫሊዴተርን ለማረጋገጫ አጣምሮ ያቀርባል። ኮንፊገሬሽን የሚባለው መሠረታዊ ክላሱ ሰርቨሩ በየትኛው ፖርት እንደሚያዳምጥ፣ ሎጉ የት እንደሚጻፍ፣ ሜትሪክሱ ወዴት እንደሚላክ ያውቃል፤ ምንም ሳንነግረው እንኳ አፕሊኬሽኑን በ8080፣ የአስተዳደር ገጹን በ8081 ያስነሣል። የማያውቀው የእኛን ሥራ ነው። ለአንድ ጤና ጣቢያ ታካሚዎች የቀጠሮ ማስታወሻ በአጭር የጽሑፍ መልእክት የሚልክ አገልግሎት ብንሠራ፣ መልእክቱ በስንት ሰዓት እንደሚወጣ፣ ካልደረሰ ስንት ጊዜ እንደሚሞከርና በየትኞቹ ቋንቋዎች እንደሚላክ መንገር የእኛ ድርሻ ይሆናል። ይህ መመሪያ እነዚህን ቅንብሮች ከፍሬምወርኩ ክላስ በሚወርስ የራሳችን ክላስ ውስጥ እንዴት እንደምናስቀምጥ በዚሁ ምሳሌ ያሳያል።

በዚህ መንገድ መሥራትን የምመክርበት ምክንያት አለኝ። ከዓመታት በፊት በኃላፊነት በያዝሁት አንድ አገልግሎት ቅንብሮቹ በተራ የፕሮፐርቲስ ፋይል ተቀምጠው፣ ኮዱ በየቦታው በስማቸው እየጠራ ያነብባቸው ነበር። የመጠበቂያ ጊዜው ስም በአንዲት ፊደል ተሳስቶ ተጻፈ። ኮዱ ስሙን ሲያጣው ዜሮን ወሰደ፤ የጃቫው ኤችቲቲፒ-ዩአርኤል-ኮኔክሽን ደግሞ ዜሮን የሚረዳው «ገደብ የለም፣ መልስ እስኪመጣ ጠብቅ» ብሎ ነው። አገልግሎቱ ቀኑን ሙሉ ያለ እንከን ዋለ። ማታ በወዲያኛው ጫፍ ያለው ሰርቨር ዝም ሲል ግን ትሬዶቹ አንድ በአንድ መልስ እየጠበቁ ቆሙ፤ በሎጉ ላይ አንድም የስህተት መስመር ሳይታይ ሥራው ሁሉ ተገታ። መንሥኤውን ያገኘነው ከሌሊቱ 8 ሰዓት አልፎ ነበር። የቅንብር ስህተት አገልግሎቱ በሚነሣባት ቅጽበት፣ ያቀናበረው ሰው ገና ከማሽኑ ፊት ሳይነሣ መታየት አለበት ብዬ የማምነው ከዚያ ወዲህ ነው፤ ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ የሚያገለግሉት ለዚህ ነው።

ስለ አጻጻፉ አንድ ነገር ላስቀድም። የጃቫ ቃላትና የፍሬምወርኩ ክላሶች ስም እዚህ በድምፃቸው በፊደላችን ተጽፈዋል፤ በኤዲተርዎ ላይ የሚተየቡት በላቲን ሆሄያት ነው። የራሳችንን ፕሮፐርቲዎች ስም ግን እንዳሉ በፊደል መጻፍ ይቻላል፤ ጃቫ ፊደላችንን በመለያ ስም ውስጥ ይቀበላል፣ ቅንብሮቹ የሚጻፉበት የፋይል አጻጻፍ ያምልም እንዲሁ። ቅንብሩን የሚያነብበው ሰው አማርኛ አንባቢ የጤና ጣቢያ ሠራተኛ በሚሆንበት ቦታ ይህ ትልቅ ጥቅም አለው።

ደረጃ 1፦ መነሻውን ማዘጋጀት

በሜቨን ፕሮጀክትዎ ላይ የድሮፕዊዛርድ ኮር ዲፔንደንሲን ይጨምሩ። ከዚህ ጋር በጥንቃቄ ሊታይ የሚገባው የሥሪቱ ቁጥር ነው። ከ3.0 ጀምሮ የኮንፊገሬሽንና የአፕሊኬሽን ክላሶች «ኮር» ወደሚል ንዑስ ፓኬጅ ተዛውረዋል፤ በ4.0 ደግሞ የማረጋገጫ አኖቴሽኖቹ (በ@ የሚጀምሩት ምልክቶች) ከጃቫኤክስ ወደ ጃካርታ ፓኬጅ ተሻግረዋል። ድሮ የተጻፈ ትምህርት ተከትለው የኢምፖርት መስመሮቹን ቢገለብጡ ኮምፓይለሩ ክላሱን አላውቀውም የሚልዎ በዚህ ምክንያት ነው።

የፕሮፐርቲ ስሞችን በፊደል ለመጻፍ ከወሰኑ የምንጭ ኮዱ በዩቲኤፍ-8 መነበቡን ያረጋግጡ። ከጃቫ 18 ጀምሮ ይህ ነባሪ ሆኗል። ከዚያ በፊት ባሉት ሥሪቶች፣ በተለይ በዊንዶውስ ላይ፣ ኮምፓይለሩ የማሽኑን ኢንኮዲንግ ስለሚከተል፣ በሜቨን ፋይሉ ውስጥ የምንጩን ኢንኮዲንግ በግልጽ ማወጅ ያስፈልጋል።

ደረጃ 2፦ የያምል ፋይሉን መጻፍ

ብዙዎች ከክላሱ ይጀምራሉ። እኔ ከያምል ፋይሉ እንዲጀመር እመክራለሁ፤ ቅንብሩን የሚያየው ሰው የሚያነብበው እርሱን ነውና፣ ስሞቹ ለዓይን ግልጽ መሆናቸው መጀመሪያ ሊፈተን ይገባል። ለምሳሌያችን የሚሆነው ክፍል ይህን ይመስላል፦

መልእክት:
  ሰላምታ: "ጤና ይስጥልኝ፤ ቀጠሮዎ ነገ ነው።"
  የፊደል_ገደብ: 70
  ሙከራ: 3
  መጠበቂያ_ሴኮንድ: 5
  የመላኪያ_ሰዓት: "09:00"
  ቋንቋዎች:
    - አማርኛ
    - ትግርኛ
    - አፋን_ኦሮሞ

የገደቡ ቁጥር 70 የሆነው በዘፈቀደ አይደለም። በላቲን ሆሄያት የሚጻፍ አንድ አጭር መልእክት 160 ሆሄያት ሲይዝ፣ በእኛ ፊደል የሚጻፈው ግን የሚይዘው 70 ብቻ ነው። ከዚያ ሲያልፍ መልእክቱ ይከፋፈላል፤ እያንዳንዱ ክፍል የማያያዣ መረጃ ስለሚጨመርበት ለጽሑፉ የሚተርፈው 67 ይሆናል። ከላይ ያለው ሰላምታ ክፍት ቦታውና ነጥቡ ተቆጥሮ 21 ሆሄያት ነው።

የጊዜ መጠኑ መለኪያ በስሙ ውስጥ መግባቱን ልብ ይበሉ። «መጠበቂያ: 5» ተብሎ ቢጻፍ አንዱ ሴኮንድ፣ ሌላው ሚሊሴኮንድ ብሎ ይረዳዋል። ድሮፕዊዛርድ ዱሬሽን የሚባል የራሱ ዓይነትም አለው፤ በእርሱ ከተጠቀሙ መለኪያው ከቁጥሩ ጎን በእንግሊዝኛ ይጻፋል። ሁለቱም መንገዶች መልካም ናቸው፤ መለኪያ የሌለው እርቃን ቁጥር ግን ወደ ፋይሉ አይግባ።

በሰዓቱ ላይ የእኛ አገር አቆጣጠር የሚፈጥረው ችግር አለ። አንድ ሰው «3» ብሎ ቢጽፍ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ማለቱ ይሆናል፤ ኮምፒዩተሩ ግን ከሌሊቱ 9 ሰዓት አድርጎ ይወስደውና ታካሚውን ከእንቅልፉ ይቀሰቅሰዋል። ስለዚህ በ24 ሰዓት አጻጻፍ፣ በጥቅስ ምልክት ውስጥ «09:00» ተብሎ ይቀመጥ፤ በክላሱ ውስጥ ዓይነቱ ሎካልታይም ይሁን፤ ከመስመሩ በላይም «ከጠዋቱ 3 ሰዓት» የሚል ማስታወሻ ከመሰላል ምልክት (#) በኋላ ይጻፍ። ሰርቨሮች ብዙ ጊዜ በዩቲሲ ስለሚሠሩ፣ መልእክቱን የሚልከው ኮድ የአዲስ አበባን የሰዓት ቀጠና በግልጽ እንዲጠቀም ማድረግዎን አይርሱ፤ ልዩነቱ ዓመቱን ሙሉ 3 ሰዓት ነው።

በፊደል ለሚጽፍ ሰው ከዚህ ቀጥሎ ያሉት ጥንቃቄዎች የግድ ናቸው። ከስሙ በኋላ የሚመጣው ምልክት የላቲኑ ኮሎን ነው፤ የእኛ ሁለት ነጥብ ለዓይን ቢመስለውም ለያምል ተራ ፊደል ነውና ስምና እሴትን አይለይለትም። በአማርኛ ኪቦርድ ሲተይቡ ሳይታወቅዎ ሊገባ ስለሚችል፣ ፋይሉ አልነበብ ሲል መጀመሪያ የሚፈተሸው ይህ ነው። ቁጥሮችም እንደ 3 ባሉ አኃዞች ይጻፉ፤ ጃቫ ፫ን ወደ ኢንቲጀር አይቀይርም። ወደ ውስጥ የሚገቡ መስመሮች በታብ ሳይሆን በስፔስ ይግቡ።

ከሁሉ የሚከፋው ግን የሞክሼ ፊደላት ጉዳይ ነው። «መልእክት» እና «መልዕክት»፣ «ሰዓት» እና «ሰአት» ለአንባቢ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒዩተሩ ግን ፈጽሞ የተለያዩ ስሞች ናቸው። ስለዚህ የሥራ ቡድኑ ስሞቹን አንድ ጊዜ ተስማምቶ ይመዝግብ፣ ከዚያም ማንም እንደ ልማዱ ሳይሆን እንደ መዝገቡ ይጻፍ። ፍሬምወርኩ በዚህ ረገድ ምን ያህል እንደሚረዳ በደረጃ 4 መጨረሻ እናያለን።

ደረጃ 3፦ ለክፍሉ የራሱን ክላስ መሥራት

አንድ ላይ የሚሄዱ ፕሮፐርቲዎች አንድ ክላስ ይኑራቸው። ሁሉንም በዋናው ኮንፊገሬሽን ውስጥ መደርደር ቢቻልም፣ ፕሮፐርቲዎቹ 20 እና 30 ሲደርሱ የትኛው ለየትኛው ሥራ እንደሆነ መለየት ያዳግታል። መልእክትቅንብር የሚል ተራ ክላስ ይፍጠሩ፤ ይህ ክላስ ከማንም አይወርስም። ከመስኮቹ አንዱ ይህን ይመስላል፦

@ኖትነል
@ሚን(1)
@ማክስ(10)
@ጄሰንፕሮፐርቲ
ፕራይቬት ኢንቲጀር ሙከራ;

ጄሰንፕሮፐርቲ የሚለው አኖቴሽን ለጃክሰን «ይህን መስክ ከፋይሉ ሙላ» የሚል ትእዛዝ ነው። የቀሩት ሦስቱ ማረጋገጫዎች ሲሆኑ፣ እሴቱ እንዳይጎድል፣ ከ1 እንዳያንስና ከ10 እንዳይበልጥ ይጠብቃሉ።

የመስኩን ዓይነት ይመልከቱ፤ በትንሹ የሚጻፈው ኢንት አይደለም፣ በትልቁ የሚጻፈው ኢንቲጀር ነው። ኢንት ባዶ መሆን አይችልምና መስመሩ ከፋይሉ ቢጠፋ ዝም ብሎ ዜሮ ይሆናል፤ ኖትነልም ዜሮን አይቶ እሴት አለ ብሎ ያልፈዋል። መግቢያው ላይ የነገርኋችሁ ሌሊት የመጣው ከእንዲህ ያለ ዜሮ ነው። ኢንቲጀር ሲሆን ግን የጠፋው መስመር ነል ሆኖ ስለሚቀር ማረጋገጫው ይይዘዋል።

ለጽሑፍ መስኮች ኖትብላንክን ይጠቀሙ፤ በስፔስ ብቻ የተሞላ ጽሑፍንም ባዶ ብሎ ይመልሳል። ለቋንቋዎቹ ዝርዝር ኖትኤምፕቲ ይበቃል። የዝርዝሩን አባላት ስትሪንግ ከማድረግ ይልቅ ቋንቋ የሚባል ኢነም ፈጥረው አማርኛ፣ ትግርኛና አፋን_ኦሮሞ የሚሉትን እሴቶች ቢያኖሩበት፣ በፋይሉ ውስጥ የሌላ ቋንቋ ስም ወይም የተሳሳተ አጻጻፍ ሲገባ ንባቡ እዚያው ይቆማል።

ነባሪ እሴት መስጠት የሚገባው የትኛው ነው? እሴቱ ቢሳሳት ጉዳቱ ቀላል የሆነው፣ ለምሳሌ የሙከራ ብዛት፣ በመስኩ ላይ እኩል ይሆናል 3 ተብሎ ነባሪ ሊሰጠው ይችላል። የይለፍ ቃል፣ የሰርቨር አድራሻ፣ ወይም መልእክት የሚወጣበት ሰዓት ግን ነባሪ አይሰጠው፤ ሰው አስቦበት ይጻፈው።

ደረጃ 4፦ ዋናውን ክላስ ማስፋት

አሁን ከፍሬምወርኩ ክላስ የሚወርሰውን እንጽፋለን፦

ፐብሊክ ክላስ ማስታወሻኮንፊገሬሽን ኤክስቴንድስ ኮንፊገሬሽን {
    @ቫሊድ
    @ኖትነል
    @ጄሰንፕሮፐርቲ
    ፕራይቬት መልእክትቅንብር መልእክት;

    ፐብሊክ መልእክትቅንብር ጌትመልእክት() {
        ሪተርን መልእክት;
    }
}

ኤክስቴንድስ በሚለው አንድ ቃል የሰርቨሩ፣ የሎጉና የሜትሪክሱ ፕሮፐርቲዎች ሁሉ ተወርሰዋል፤ የእኛ ክፍል ከእነርሱ ጎን ይቀመጣል። ሰርቨር፣ ሎጊንግ፣ ሜትሪክስና አድሚን የሚሉት ስሞች በወላጅ ክላሱ ስለተያዙ ለራስዎ ፕሮፐርቲ በእንግሊዝኛ ስም ሲሰጡ እነርሱን አይድገሙ።

ከሦስቱ አኖቴሽኖች በብዛት የሚዘነጋው ቫሊድ ነው። ኖትነል የሚጠይቀው ክፍሉ መኖሩን ብቻ ነው፤ ወደ ውስጥ ገብቶ ሙከራው ከ1 ማነሱን፣ ሰላምታው ባዶ መሆኑን የሚመረምረው ቫሊድ ሲጻፍ ብቻ ነው። ቫሊድ የሌለበት ክላስ በደረጃ 3 የደከምንባቸውን ማረጋገጫዎች ሁሉ ሳያያቸው ያልፋል፤ ኮዱ ኮምፓይል ይሆናል፣ አገልግሎቱም ይነሣል። ስለዚህ ክላሱን እንደጨረሱ በፋይሉ ውስጥ ሙከራን ሆን ብለው 0 አድርገው ያስነሡት። አልነሣም ካለዎ ቫሊድ በቦታው አለ ማለት ነው።

ለሁለተኛ ፈተና በያምሉ ውስጥ «መልእክት» የሚለውን «መልዕክት» ብለው ይለውጡት። ድሮፕዊዛርድ ቅንብር ሲያነብብ የማያውቀውን ስም አያልፍም። የፋይሉን ስም ጠቅሶ ያልታወቀ መስክ እንዳገኘ ይናገራል፣ ቀጥሎም «ይህን ማለትዎ ይሆን?» በሚል ጥያቄ ሥር በአጻጻፍ የሚቀርቡትን ስሞች ይዘረዝራል፤ በአንዲት ፊደል ብቻ የሚለየው ትክክለኛው «መልእክት» በዝርዝሩ አናት ላይ ይገኛል። በተራው የፕሮፐርቲስ ፋይል ሌሊቱን ሙሉ የፈለግነውን ስህተት ይህ በአንድ መስመር ያሳያል።

ደረጃ 5፦ አፕሊኬሽኑን ከክላሱ ጋር ማገናኘት

ዋናው የአፕሊኬሽን ክላስዎ ከፍሬምወርኩ አፕሊኬሽን ሲወርስ፣ በማዕዘን ቅንፎቹ መካከል የሚጻፈው የእኛ ማስታወሻኮንፊገሬሽን ይሁን። ድሮፕዊዛርድ የያምሉን ፋይል ወደ የትኛው ክላስ መቀየር እንዳለበት የሚያውቀው ከዚህ ነው፤ የወላጁ ስም እዚያ ከቀረ «መልእክት» የሚለው ክፍል ያልታወቀ መስክ ተብሎ ይመለሳል። ራን የሚባለው ሜተድ የእኛን ክላስ ተሞልቶና ተረጋግጦ ይቀበላል፤ ከዚያ ጌትመልእክትን መጥራት ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምመክረው ነገር አለ። ሙሉውን ማስታወሻኮንፊገሬሽን ለየሪሶርሱና ለየአገልግሎት ክላሱ አያስተላልፉ። መልእክት የሚልከው ክላስ በኮንስትራክተሩ መልእክትቅንብርን ብቻ ይቀበል፤ ያን ጊዜ ክላሱ ምን እንደሚያስፈልገው ከኮንስትራክተሩ ይነበባል፣ ለሙከራም አንድ ትንሽ ነገር መፍጠር ይበቃል። ሙሉው ኮንፊገሬሽን በየቦታው ከተሰራጨ ግን አንዱን ፕሮፐርቲ ለመቀየር የትኛው ክላስ እንደሚነካ ለማወቅ ፕሮጀክቱን በሙሉ መፈለግ ይመጣል።

ደረጃ 6፦ ምስጢሮችን ከፋይሉ ማውጣት

የመልእክት ሰርቨሩ የመግቢያ ቁልፍ በያምሉ ውስጥ ተጽፎ ወደ ጊት መግባት የለበትም፤ አንዴ ከገባ ቢሰረዝም በታሪኩ ውስጥ ይኖራል። በአፕሊኬሽኑ ኢኒሻላይዝ ሜተድ ውስጥ፣ ቡትስትራፑ የያዘውን የፋይል ምንጭ በሰብስቲትዩቲንግ-ሶርስ-ፕሮቫይደር ይጠቅልሉት፤ ከእርሱ ጋር ኢንቫይሮንመንት-ቫሪያብል-ሰብስቲትዩተርን ይስጡት። ከዚያ በፋይሉ ውስጥ በእሴቱ ቦታ የዶላር ምልክት፣ ቀጥሎም በጥምዝ ቅንፍ የኢንቫይሮንመንት ቫሪያብሉ ስም ይጻፋል። የቫሪያብሉን ስም በላቲን ሆሄያት ያድርጉት፤ ሼሉ በእኛ ፊደል የተሰየመ ቫሪያብል አይቀበልም። ሰብስቲትዩተሩ ሲፈጠር ትሩ የሚል እሴት ቢሰጡት፣ ያልተገለጸ ቫሪያብል ሲያገኝ ንባቡን ያቆማል። ፎልስ ከተባለ ግን የዶላሩን ጽሑፍ እንዳለ ትቶት ያልፋል፤ አገልግሎቱም ያንኑ ጽሑፍ ቁልፍ አድርጎ ለመግባት ይሞክራል። ስለዚህ ትሩን ይምረጡ።

ደረጃ 7፦ ሁለት ፕሮፐርቲዎችን አንድ ላይ ማረጋገጥ

አንዳንድ ስህተት በአንድ መስክ ብቻ አይታይም። ሰላምታው ለብቻው ትክክል ነው፣ የፊደል ገደቡም ትክክል ነው፤ ሰላምታው ከገደቡ ከረዘመ ግን ሁለቱ አይስማሙም። ለዚህ ድሮፕዊዛርድ ቫሊዴሽንሜተድ የሚባል አኖቴሽን አለው። በመልእክትቅንብር ውስጥ ስሙ «ኢዝ» ብሎ የሚጀምር፣ ቡሊያን የሚመልስ ሜተድ ይጻፉ፤ በውስጡ የሰላምታው ርዝመት ከገደቡ ማነሱን ወይም እኩል መሆኑን ይመልስ። የአማርኛ ሆሄያት በጃቫ ስትሪንግ ውስጥ እያንዳንዳቸው አንድ ሆነው ስለሚቆጠሩ ሌንግዝ የሚሰጠው ቁጥር በቀጥታ ያገለግላል። በአኖቴሽኑ ውስጥ «ሰላምታው ከፊደል ገደቡ በልጧል» የሚል መግለጫ በአማርኛ ሊጻፍ ይችላል። ጃክሰን ሜተዱን እንደ ፕሮፐርቲ እንዳይቆጥረው ጄሰንኢግኖር የሚለውን አብረው ያኑሩበት። ሜተዱ ሲጠራ ሁለቱ መስኮች ገና ነል ሊሆኑ ስለሚችሉ፣ ነል ከሆኑ ትሩ መልሶ ጉዳዩን ለኖትነል ይተወው።

ደረጃ 8፦ ሳያስነሡ መፈተሽ

ድሮፕዊዛርድ ሰርቨር ከሚለው ትእዛዝ ሌላ ቼክ የሚል ትእዛዝ ይዞ ይመጣል። የጃር ፋይሉን በቼክ እና በያምሉ ስም ሲያስኬዱት ፋይሉን አንብቦና አረጋግጦ ሰርቨሩን ሳያስነሣ ይወጣል። አዲስ ሥሪት ወደ ማሽኑ ከመውጣቱ በፊት ይህ ትእዛዝ በማሰማሪያው ስክሪፕት ውስጥ እንዲቀድም ያድርጉ፤ ያን ጊዜ የተሳሳተ ቅንብር እየሠራ ያለውን አገልግሎት ሳያቆም ተይዞ ይመለሳል። ኢንቫይሮንመንት ቫሪያብሎቹ በዚያው ሼል ውስጥ መገለጽ እንዳለባቸው ግን ያስታውሱ።

የጄዩኒት ሙከራ ለመጻፍ ከፈለጉ ያምሉን በራስዎ የጃክሰን ኦብጀክት-ማፐር በቀጥታ አያንብቡት። ከድሮፕዊዛርድ 2.0 ወዲህ የፍሬምወርኩ ተራ ማፐር ያልታወቁ ስሞችን የሚያልፍ ሲሆን፣ ቅንብር ሲነበብ ብቻ ነው ጥብቅነቱ የሚመለሰው፤ ስለዚህ ሙከራዎ «መልዕክት» የሚለውን ስህተት ሳይይዝ ሊያልፍ ይችላል። በዚህ ፈንታ ዲፎልት-ኮንፊገሬሽን-ፋክትሪ-ፋክትሪ የሚባለውን ክላስ ይጠቀሙ፤ አፕሊኬሽኑ ሲነሣ የሚጠቀምበት እርሱኑ ነው። ሁለት ሙከራዎች ይበቃሉ፦ አንዱ ወደ ማሽኑ የሚወጣውን ትክክለኛውን ፋይል አንብቦ «ሙከራ» የሚለው ፕሮፐርቲ 3፣ «የመላኪያ_ሰዓት» 09:00 መሆኑን ያረጋግጥ፤ ሌላው «ሙከራ» የሚለው ፕሮፐርቲ 0 የሆነበትን ፋይል ሰጥቶ የማረጋገጫ ስህተት መወርወሩን ይጠብቅ። ቫሊድ የሚለውን አኖቴሽን አንድ ቀን አንድ ሰው ኮዱን ሲያጸዳ ቢያነሣው መጀመሪያ የሚወድቀው ይህ ሁለተኛው ሙከራ ነው።